ደረቅ ሳኬ፦ ለምግብ ቦታ የሚለቅ መጠጥ

ጠጅ ቤት ደጋግሞ የገባ ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» ለስላሳው ማሩ ገና ተበልቶ ያላለቀ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ጉልበት ግን የለውም። በደረቁ ማሩ ተበልቶ አልቋል። ጣፋጭነቱ ሄዶ ጉልበቱ መጥቷል። ደረቅ የሚያዝ ሰው ድምፁም ኮራ ይላል።

ጃፓኖችም በሩዝ መጠጣቸው በሳኬ ላይ ይህንኑ ምርጫ ያደርጋሉ። ጣፋጩን «አማኩቺ»፣ ደረቁን «ካራኩቺ» ይሉታል። «ኩቺ» አፍ ማለት ነው። «ካራ» ደግሞ ለሚያቃጥል ነገር የሚሉት ቃል ነው። የካሪ ቅመም ካርቶን ላይ «ካራኩቺ» ተብሎ ከተጻፈ ተጠንቀቁ፣ ያቃጥላል። ሳኬ ጠርሙስ ላይ ከተጻፈ ግን የሚያቃጥል ነገር የለም፤ አይጣፍጥም ማለት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጠጅ ቤት የተማርነው ነገር ያሳስተናል። የጠጅ ደረቅነት ከጉልበት ጋር ይመጣል። የሳኬ እንደዚያ አይደለም። ጣፋጩም ደረቁም ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 16 በመቶ አልኮል ነው ያላቸው። ታዲያ ደረቁ ለምን ይፈለጋል? ለምግብ። ጃፓኖች «ሾኩቹሹ» የሚሉት የሳኬ ዓይነት አለ፤ በምግብ መሀል የሚጠጣ እንደማለት ነው። ብቻውን ሲቀመስ ዝም ያለ ነው። እኔ መጀመሪያ ስቀምሰው «ይሄ ውሃ ነው እንዴ?» ብያለሁ። ነገሩ የገባኝ አጠገቡ የተጠበሰ አሳ ሲቀመጥ ነው።

(ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንስሱ፣ ድፍድፉና ሻጋታው

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ሳኬ» በጃፓንኛ ማንኛውም አልኮል ነው፤ ቢራውም ውስኪውም። እኛ ሳኬ የምንለውን እነሱ «ኒሆንሹ» ይሉታል፣ የጃፓን መጠጥ። በሕግ የሚታወቀው ስሙ ደግሞ «ሴይሹ» ነው፣ የጠራ መጠጥ። በትንንሽ ሲኒ ስለሚቀርብ ብዙ ሰው አረቄ ይመስለዋል። አረቄ ይወጣል፤ ሳኬ ግን ይጠመቃል። የሩዝ አረቄ ያማረው ሰው «ሾቹ» የሚባለውን ይጠይቅ።

ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው የሳኬን ነገር ለመረዳት ግማሽ መንገድ ሄዷል። እርሾ የሚበላው ስኳር ነው። ማር ራሱ ስኳር ስለሆነ ጠጅ ላይ ችግር የለም። እህል ግን መጀመሪያ ወደ ስኳር መለወጥ አለበት። በጠላ ይህን የሚሠራው ብቅል ነው። ገብሱ ሲበቅል ስታርቹን የሚፈታ ኢንዛይም ያወጣል። የሳኬ ሩዝ ግን አይበቅልም። ተፈትጎ ተፈትጎ፣ ሊበቅል የሚችለው ክፍሉ ሄዷል። ስለዚህ ጃፓኖች የብቅልን ሥራ ለሻጋታ ሰጡት።

ሻጋታው «ኮጂ» የሚሠራበት ነው። በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ ሞቃት ክፍል ውስጥ ይዘረጋል። የሻጋታው ዘር እንደ ዱቄት ይነፋበታል። ሁለት ቀን ገደማ እየተገላበጠ፣ ሙቀቱ እየታየ ይጠበቃል። ሲወጣ እያንዳንዷ ፍሬ ነጭ ጥጥ የለበሰች ትመስላለች፣ ስትታኘክም ትጣፍጣለች። እኛ እንጀራ ሲሻግት እንጥላለን። የጃፓን የጠመቃ ማኅበር ግን በ2006 ይህን ሻጋታ «ብሔራዊ ፈንገስ» ብሎ ሰይሞታል። አይፈረድበትም፤ ያለ እሱና ያለ ዘመዶቹ የአኩሪ አተር ሶስ የለም፣ ሚሶ የሚባለው ማጣፈጫም የለም። ቤት ውስጥ በሻገተ ሩዝ ግን እንዳትሞክሩት። የኮጂ ዘር ለዘመናት ተመርጦ የተራባ ነው፤ ወጥ ቤት በራሱ ጊዜ የሚበቅል ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ «ሹቦ» ይባላል፣ የመጠጥ እናት ማለት ነው። ኮጂ፣ የበሰለ ሩዝ፣ ውሃና እርሾ አለበት። እናትየው ስትደርስ ወደ ትልቁ ማጠራቀሚያ ትገለበጥና ሩዝ፣ ኮጂና ውሃ በሦስት ዙር ይጨመርባታል። ሦስቱ ዙር አራት ቀን ይወስዳል፤ በሁለተኛው ቀን ምንም አይጨመርም። እርሾው እንዲባዛ ይተዋል። የዚያች ቀን ስም «ኦዶሪ» ነው፣ ጭፈራ። ሥራ ፈት ለሆነ ቀን የሚያምር ስም ነው።

ድፍድፉ ውስጥ ለሦስት አራት ሳምንት ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይካሄዳል። ኮጂው ስታርቹን እየፈታ ስኳር ያወጣል። እርሾው ሥር ሥሩን እየተከተለ ይበላዋል። በቢራ እነዚህ ሁለቱ ተራ በተራ ነው የሚሠሩት፤ መጀመሪያ ጣፋጩ ጭማቂ ይዘጋጃል፣ እርሾው ኋላ ይገባል። የሳኬ እርሾ ግን በስኳር ብዛት አይታፈንም። ጥቂት ጥቂት እየጎረሰ እስከ 20 በመቶ አልኮል ድረስ ይሄዳል። ሳይነጠር እዚህ የሚደርስ መጠጥ ብዙ የለም።

በመጨረሻ ይጨመቃል፣ ይጣራል፣ 65 ዲግሪ ገደማ እንዲሞቅ ይደረጋል፣ ውሃ ተጨምሮበት ወደ 15 እና 16 ይወርዳል። አተላው አይጣልም። አትክልት ይቀመምበታል፣ በብርድ ጊዜ ሾርባ ይሆናል። በደንብ ሳይጠራ የሚቀርብ ሳኬም አለ፤ «ኒጎሪ» ይሉታል። ጉሽ በሉት።

ማን ቀድሞ ይጨርሳል?

እንግዲህ ደረቅና ጣፋጭ የሚለየው እዚያ ድፍድፍ ውስጥ ነው። ኮጂው ከእርሾው ፈጥኖ ከሄደ ስኳር ይተርፋል። እርሾው ከበረታና ጊዜ ካገኘ ጠራርጎ ይበላዋል። ጠማቂው ድፍድፉን ዛሬ ጨመቀው ወይስ ከአራት ቀን በኋላ የሚለውም ጣዕሙን ይለውጠዋል። የጠመቃው ኃላፊ «ቶጂ» ይባላል። ቶጂ ማታ ማታ የማይተኛው በዚህ ሩጫ ምክንያት ነው።

ሩጫው ላይ ውሃ ትልቅ እጅ አለው። በኮቤ አካባቢ ናዳ የሚባል የታወቀ የጠመቃ ሰፈር አለ። በ1840 ያማሙራ ታዛኤሞን የተባለ ጠማቂ አንድ ነገር ግራ ገባው። ሁለት ቦታ ይጠምቃል፤ የአንደኛው ቦታ ሳኬ ሁልጊዜ ይበልጣል። እንደሚተረከው ሩዙንም ሠራተኞቹንም አቀያየረ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ውሃውን ሲያጓጉዝ ልዩነቱ ተገኘ። ያ ውሃ «ሚያሚዙ» ይባላል፣ ማዕድን የበዛበት ነው። ማዕድኑ እርሾውን ይቀልበዋል፣ እርሾው ይበረታል፣ ሳኬው ኮስተር ብሎ ይደርቃል። የኪዮቶው ፉሺሚ ውሃ ደግሞ ለስለስ ያለ ነው፣ ሳኬውም እንደ ውሃው። ድሮ የናዳውን የወንድ፣ የፉሺሚውን የሴት ሳኬ ይሉት ነበር። ስያሜው አርጅቷል፣ ግን ዛሬም ትሰሙታላችሁ።

ግን ውሃው ለስላሳ ከሆነ ደረቅ ሳኬ አይገኝም ማለት አይደለም። ኒጋታ ምስክር ናት። በጃፓን ባሕር በኩል ያለች፣ ክረምቷ በረዶ በበረዶ የሆነ አውራጃ ናት። ከየትኛውም አውራጃ የበለጠ የሳኬ ጠማቂ ያለው እዚያ ነው። ውሃዋ የቀለጠ በረዶ ነው፣ ለስላሳ። ብርዱ ጠመቃውን ያዘገየዋል። «ጎህያኩማንጎኩ» የሚባለው የአካባቢው ሩዝ ጠንካራ ስለሆነ ድፍድፉ ውስጥ ብዙ አይሟሟም። ብዙ ካልሟሟ ብዙ ጣዕም አይለቅም። ዘገም ብሎ፣ ቆጠብ ብሎ የተጠመቀው ሳኬ ቀጭን፣ ንጹሕና ደረቅ ይሆናል። ለዚህ የራሱ ስም አለው፤ «ታንሬይ ካራኩቺ»። ቀላልና ደረቅ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ጥቂት ንጹሕ አልኮል መጨመር። ድፍድፉ ከመጨመቁ በፊት ሲገባ ጣዕሙን ያቀለዋል፣ አጨራረሱንም ያሾለዋል። መጠኑ በሕግ የተገደበ ነው። «ሆንጆዞ» የሚል ጠርሙስ እንዲህ ነው የተሠራው። «ጁንማይ» የሚለው ሩዝ፣ ኮጂ፣ ውሃና እርሾ ብቻ ነው። ጁንማይ ካልሆነ አንነካም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። አንድ ጥሩ ሆንጆዞ ከተጠበሰ አሳ ጋር ከብዙ ውድ ጠርሙስ ይሻላል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም።

ደረቅ ፋሽን የሆነበት ጊዜ

ዛሬ ጃፓን ውስጥ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሳኬ ሲያዝ «ደረቅ የሆነ ነገር ስጡኝ» ማለት ልማዱ ነው። ምን እንደሚፈልግ በትክክል የማያውቀውም እንደዚያው ይላል። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩዝ ጠፋ። ለመብላት ያልበቃ ሩዝ ለመጠጥ ከየት ይመጣል? መፍትሔው መበረዝ ሆነ። ድፍድፉ ላይ አልኮል ተጨመረ፣ ስኳር ተጨመረ፣ አሲድና ማጣፈጫ ተጨመረ። ከአንድ ሳኬ ሦስት ሳኬ ይወጣል። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ «ሳንዞሹ»፣ ሦስት እጥፍ የሆነ ሳኬ። ለችግር ጊዜ የመጣ ብልሃት ነበር። ችግሩ ሲያልፍ ግን ብልሃቱ አልሄደም፤ ርካሽ ነዋ። አንድ ትውልድ ሙሉ ሳኬን የሚያውቀው አፍ ላይ የሚጣበቅ፣ ጠዋት ራስ የሚያዞር መጠጥ አድርጎ ነው። ያን ያህል የተበረዘ መጠጥ «ሴይሹ» መባሉ የቀረው ሕጉ በ2006 ሲለወጥ ነው።

በዚያ ሁሉ ጣፋጭ መሀል ኒጋታ ውስጥ እምቢ ያሉ ነበሩ። ስማቸው በብዛት የሚነሳው «ኮሺ ኖ ካንባይ» የሚባለው ሳኬ ጠማቂዎች ናቸው። ቀጭን፣ ንጹሕ ሳኬ መጥመቃቸውን ቀጠሉ። በ1970ዎቹ የቶኪዮ ጠጪዎች የገጠር ሳኬ መፈለግ ሲጀምሩ ይህ ጠርሙስ ስሙ እንጂ እሱ የማይገኝ ሆነ። «የሕልም ሳኬ» ይሉት ጀመር። በ1985 «ኩቦታ» የሚባለው የኒጋታ ሳኬ ገበያ ላይ ወጣ፣ እሱም ደረቅና ቀላል። በ1987 ደግሞ አሳሂ ኩባንያ «ሱፐር ድራይ» ቢራውን አመጣ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ያው «ካራኩቺ» ነበር። ከዚያ በኋላ ደረቅ ማለት ዘመናዊ፣ ጣፋጭ ማለት ያረጀ ሆነ።

የሚገርመው በዚሁ ዘመን የሳኬ ገበያ ራሱ እየወረደ ነበር። ጣሪያ የነካው በ1973 ነው፤ ዛሬ የሚጠጣው የዚያን ጊዜውን ሩብ ገደማ ነው። ቢራ መጣ፣ ወይን መጣ። ሳኬ ጠማቂዎች ምግቡ አጠገብ ያለችውን ቦታ አጥብቀው የያዙት ወደውም ሳይወዱም ነው።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር

አንዳንድ ጠርሙስ ላይ +5፣ +10 ወይም −3 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። «ኒሆንሹዶ» ይባላል። ነገሩ የክብደት ልኬት ነው። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ይከብዳል፣ አልኮል ደግሞ ከውሃ ይቀላል። በሳኬው ላይ ተንሳፋፊ መለኪያ ይጣልና ምን ያህል እንደሰመጠ ይታያል። ውሃ ዜሮ ነው። ስኳሩ ካለቀ ሳኬው ከውሃ ይቀላል፣ ቁጥሩ ወደ መደመር ይሄዳል። ስኳር ከተረፈ ወደ መቀነስ። ውሃውን 1000 ግራም ብትሉት፣ ያንኑ ያህል +10 ሳኬ 993 ግራም ገደማ ነው፤ −10 ደግሞ 1007 ገደማ። ከ+5 ወዲያ ያለውን ያለ ብዙ ክርክር ደረቅ ማለት ይቻላል። +15 እና +20 የሚል ጠርሙስም አለ፣ እሱ የጉራ ነው።

ይህን ቁጥር ግን እንደ ፈተና ውጤት አትመልከቱት። አልኮሉ ከፍ ካለ ስኳሩ ባይነካም ቁጥሩ ይወጣል። ኮምጣጣነትም አለ፤ አሲዱ ጠንከር ያለ ሳኬ ስኳር ቢኖረውም ደረቅ ይመስላል። ሎሚ ውስጥ ስኳር ብትጨምሩ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሽታም ያታልላል። «ጊንጆ» የሚባሉት፣ ሩዛቸው ቢያንስ 40 በመቶ ተፈትጎ የሄደባቸው ሳኬዎች፣ የፖምና የሙዝ ሽታ አላቸው። አፍንጫችን ፍራፍሬ ሲሸት አፋችን ስኳር ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት +5 የሆነ ጊንጆ +2 ከሆነ ሆንጆዞ የበለጠ ጣፋጭ ሊመስል ይችላል።

ጃፓኖች ራሳቸው ከቁጥሩ ይልቅ የሚያምኑት አንድ ቃል አለ፤ «ኪሬ»። መቁረጥ ማለት ነው። ጥሩ ደረቅ ሳኬ ሲዋጥ ጣዕሙ ቁርጥ ይላል። አፍ ውስጥ አይንከባለልም፣ ምላስ ላይ አይጣበቅም። መጣ፣ ታየ፣ ሄደ። ኪሬ ያለው ሳኬ ከጠጣችሁ በኋላ እጃችሁ ወደ ሲኒው ሳይሆን ወደ ሳህኑ ይሄዳል። ለእኔ መለኪያው ይህ ነው።

ከምግብ ጋር ለምን ይስማማል?

ጣፋጭ መጠጥ ከምግብ ጋር ያለው ችግር ጣፋጭነቱ መከማቸቱ ነው። የመጀመሪያው ሲኒ ደስ ይላል። ሦስተኛው ላይ ምላስ ይሰለቻል፣ ሆድም የጠገበ ይመስለዋል። ደረቁ አይከማችም። በዚያ ላይ አልኮሉና ቁርጥ ማለቱ ከዘይቱና ከአሳው ስብ በኋላ አፍን ያጥባሉ፤ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል።

ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ማጠብ ብቻ ቢሆን ቮድካም ይበቃ ነበር። ሳኬ ውስጥ ኮጂው የሩዙን ፕሮቲን ፈትቶ የተወው አሚኖ አሲድ አለ፣ ከወይን በጣም የበለጠ። ከእነዚህ አንዱ ግሉታሜት ነው። በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የቶኪዮ ኬሚስት ከባሕር አረም መረቅ ውስጥ ያወጣውና «ኡማሚ» ብሎ የሰየመው ጣዕም ምንጩ ይኸው ነው። ኡማሚ የአጥንት መረቅ ሲጠጣ አፍ የሚሞላው ያ ነገር ነው። አሳና ሥጋ ውስጥ ደግሞ ሌላ የኡማሚ ምንጭ አለ። ሁለቱ አፍ ውስጥ ሲገናኙ ድምሩ ከሁለቱም ይበልጣል። ብቻውን ውሃ የመሰለኝ ሳኬ አሳው ሲመጣ አፍ ያወጣው ለዚህ ነው።

ስለ አሳ አንድ ተጨማሪ ነገር። ወይን ከባሕር ምግብ ጋር አንዳንዴ የማያስደስት የአሳ ጠረን አፍ ውስጥ ይተዋል። በ2009 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አሳተሙ፤ ወይኑ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ብረቱ በበዛ ቁጥር ጠረኑ ይብሳል። ሳኬ ውስጥ ብረት የለም ማለት ይቻላል። ጠማቂዎች ብረትን እንደ ጠላት ነው የሚያዩት፤ ሳኬውን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ያበላሸዋል። ለመጠጥ ውሃ ጃፓን የምትፈቅደው በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ብረት ነው፤ ለሳኬ ውሃ ግን ከ0.02 እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ለቀለሙ ብለው የጀመሩት ጥንቃቄ ለአሳውም ጠቀመ።

ታዲያ ሳኬ ለሁሉም ይስማማል? አይስማማም። ቀጭኑ የኒጋታ ሳኬ ዶሮ ወጥ ፊት ድምፁ አይሰማም። አልኮል ደግሞ የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል። ከእኛ ማዕድ አንድ ነገር ምረጥ ብትሉኝ ሎሚ የተጨመቀበት የአሳ ጥብስ ነው የምለው፣ ዳጣውን ራቅ አድርጎ።

ኮቺ፣ ሲኒ የማይቀመጥባት ከተማ

ቀጭን ደረቅ ኒጋታ ከሆነ፣ ወፍራም ደረቅ ደግሞ ኮቺ ነው። በሺኮኩ ደሴት፣ ፊቷን ወደ ፓሲፊክ ያዞረች አውራጃ ናት። የድሮ ስሟ ቶሳ ነው። የቶሳ ሰው በጠጪነቱ መላው ጃፓን ያውቀዋል። የመጨረሻዎቹ ዘመናት የቶሳ ገዥ ያማኡቺ ዮዶ ራሱን «የዓሣ ነባሪ ባሕር ሰካራሙ መስፍን» ብሎ ይጠራ ነበር። ከዚህ ስም የተወሰደ «ሱይጌይ» የሚባል ሳኬ ዛሬም አለ። ትርጉሙ የሰከረ ዓሣ ነባሪ ነው።

የኮቺ ምግብ ካትሱኦ ነው፣ የቱና ዘመድ የሆነ አሳ። የሩዝ ገለባ ይለኮስና አሳው በነበልባሉ ላይ ላዩ ብቻ ይለበለባል፤ ውስጡ ጥሬ ነው። ወፍራም ወፍራም ተደርጎ ይቆረጣል፣ ጨውና ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ይደረግበታል። ጭስ አለው፣ የደም ጣዕም አለው፣ ነጭ ሽንኩርቱም ቀላል አይደለም። ከዚህ ጋር የሚቀርበው ሳኬ ጀርባ ያስፈልገዋል። የኮቺ ደረቅ ስኳሩ አልቆ ሩዙ የቀረበት ነው። ኮስተር ይላል።

ግብዣቸውን «ኦክያኩ» ይሉታል። ቃሉ እንግዳ ማለት ነው። ትልልቅ ሳህን ላይ አሳው፣ ሱሺው፣ ጥብሱ ተደርድሮ ይቀርባል፣ ሲኒ ከእጅ እጅ ይዞራል። «ቤኩሃይ» የሚባሉ የጨዋታ ሲኒዎች አሏቸው። አንደኛው ሥሩ ቀዳዳ ነው፣ በጣት ደፍኖ መያዝ ነው። ሌላው ረጅም አፍንጫ ያለው የጭራቅ ፊት ነው፣ ቢያስቀምጡት ይንጋደዳል። ሳይጨርሱ ማስቀመጥ አይቻልም። ለእንግዳ «ጠጣ እንጂ!» ማለት እዚያ ሸክላውም ይችልበታል። የጥንቃቄው ልማድ ግን ከሌላው የጃፓን ክፍል ነው የሚወሰደው፤ ከሳኬው ጎን ውሃ ይቀመጣል። «ያዋራጊሚዙ» ይሉታል፣ ማለስለሻ ውሃ። 16 በመቶ በትንሽ ሲኒ ስለመጣ አይናቅም።

ስንት ዲግሪ ላይ ይጠጣ?

ደረቅ ሳኬ ከሌሎቹ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። ሙቀትን ይችላል። ሽታው የፍራፍሬ የሆነ ጊንጆ ሲሞቅ ሽታው ይበተናል፣ ስለዚህ ቀዝቀዝ ተደርጎ ነው የሚጠጣው። ሆንጆዞና ወፈር ያለ ጁንማይ ግን ሲሞቁ ይከፈታሉ። ጃፓኖች ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም አላቸው። 5 ዲግሪው የበረዶ ብርድ፣ 10 ዲግሪው የአበባ ብርድ ይባላል። 40 አካባቢ «ኑሩካን» ነው፣ ለብ ያለ። 50 አካባቢ «አትሱካን» ነው፣ ትኩስ። «ኪሞቶ» ወይም «ያማሃይ» የሚል ጠርሙስ ካገኛችሁ ለብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ጥንስሱ አሲዱን በራሱ ጊዜ እንዲያወጣ ተትቶ የተሠራ ስለሆነ ኮምጠጥ፣ ወፈር ይላል፤ ከሰባ ሥጋ ጋር ደህና ነው። ምድጃ ላይ አታስቀምጡት። በሸክላው እቃ አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ይበቃል።

ለራስ አለመቅዳት ጨዋነት ነው። ለጎረቤት ትቀዳላችሁ፣ ጎረቤት ለእናንተ ይቀዳል። ይህን እንኳ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ስትገዙ ዋጋው አያታልላችሁ። ሳኬ የሚወደደው ሩዙ ብዙ ሲፈተግ ነው። «ዳይጊንጆ» ለመባል ከፍሬው ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ መሄድ አለበት። ከዱቄቱ ጋር አሚኖ አሲድ የሚሆነው ፕሮቲንም ይሄዳል። የቀረው ንጹሕና ሽቶ የመሰለ ነው፣ ለብቻው ሲጠጣ ያስደንቃል። ማዕድ ላይ ግን ራሱን ማሳየት ይወዳል። ለምግብ ከሆነ መሀል ላይ ያለውን ያዙ፤ ሆንጆዞ ወይም ጁንማይ፣ ቁጥሩ ከ+3 በላይ የሆነ። ጠርሙሱ ላይ የተጠመቀበትን ወይም የታሸገበትን ወር ፈልጉ። ሳኬ እንደ ወይን ይቆይልኝ ተብሎ አይቀመጥም፤ ብዙው ዓመት ሳይሞላው ቢጠጣ ጥሩ ነው። ከፀሐይም ከመብራትም አርቁት።

ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ደህና ነው። ከዚያ ኪሬው ይደነዝዛል። ያኔ አትድፉት። አሳ ከመጠበሱ በፊት ሁለት ማንኪያ አፍስሱበትና አስር ደቂቃ ተዉት፤ ጠረኑን ይወስድለታል።